የማኤስትሮ ሂላሪዮን አፍንጫና የዶኛ ኒካሲያ ሚኒባስ

ማኤስትሮ ሂላሪዮን ቹኪሚያ መኪና የሚመረምረው በአፍንጫው ነበር። ሌላው መካኒክ ኮፈን ከፍቶ ጆሮውን ሲያቀና፣ እሱ ኮፍያውን ወደ ኋላ ገፋ አድርጎ፣ ዐይኑን ጨፍኖ፣ ፊቱን ሽቦው መሐል ይከትና ያነፈንፋል። «ይሄ የተቃጠለ ፊውዝ ነው» ይላል። «ይሄ የባትሪ አሲድ። ይሄ ደግሞ… የማን ካልሲ ነው?» እውነትም አንድ ጊዜ ከአየር ማጣሪያ ውስጥ ካልሲ ጎትቶ አውጥቷል። ባለመኪናው «የኔ አይደለም» ብሎ ማለ። ሚስቱም ካልሲውን አገላብጣ አየችና «እውነቱን ነው፣ የሱ አይደለም፤ የወንድ እንኳ አይደለም» ብላ ወደ እናቷ ቤት ሄደች። ሂላሪዮን ከዚያ ወዲያ ያሸተተውን ሁሉ ጮክ ብሎ አይናገርም ነበር ብል ደስ ባለኝ። ይናገር ነበር።

ጋራዡ ከላ ፓዝ በላይ ባለችው ከተማችን በኤል አልቶ፣ ከቤታችን ፊት ለፊት ነበር። ጋራዥ እንበለው እንጂ ሦስት የጡብ ግድግዳና ግማሽ ጣሪያ ነው። የቀረውን ግማሽ የሚሸፍነው ሰማይ ሲሆን፣ እሱም በዝናብ ጊዜ ሥራውን በአግባቡ አይሠራም። በሩ ላይ በቀይ ቀለም «የመኪና ኤሌክትሪክ፤ ኮምፒውተር እንመረምራለን» ተብሎ ተጽፏል። ሁለተኛዋን ሐረግ የጨመራት ኮምፒውተር የሚባል ነገር በዐይኑ ከማየቱ በፊት ነው። «ሲመጣ ተዘጋጅቶ መጠበቅ ነው» ይል ነበር። ትሕትና የሚባለው ነገር በደጁም አላለፈ።

ከበሩ አጠገብ ሚስቱ ካሲሚራ በከሰል ምድጃ ላይ አፒ፣ ያንን ትኩስ ሐምራዊ የበቆሎ መጠጥ፣ በትልቅ ድስት ታፈላለች፤ አይብ ያለበት ቂጣም በዘይት ትጠብሳለች። ካሲሚራ ከጥቂት ዓመታት በፊት የወንጌላውያን አማኝ ሆናለች። ዳንሱን፣ ቢራውንና ካርኒቫሉን በአንድ እሁድ ጠዋት እርግፍ አድርጋ ተወች። ባሏን ግን አልተወችም። ለምን ተብላ ስትጠየቅ «ጌታ ከመጠጥ ወዲያው አዳነኝ» ትላለች፤ «ከሂላሪዮን ለመዳን ግን ወረፋው ረጅም ነው።»

ዘመኑ ከጃፓን ጡረታ የወጡ ሚኒባሶች ከተማችንን ያጥለቀለቁበት ነበር። መሪያቸው በስተቀኝ ሆኖ በመርከብ ይመጣሉ፤ ድንበር ማዶ፣ ወደቡ ላይ፣ መጋዝና መበየጃ የያዙ ሰዎች መሪውን ነቅለው ወደ ግራ ያዛውሩታል። መሪው ይዛወራል፣ ፔዳሎቹም ይዛወራሉ፤ ሌላው ሁሉ በነበረበት ይቀራል። በነበሩበት ከቀሩት አንዱ የሞተሩ ኮምፒውተር ነው። መጽሐፍ ቅዱስ የሚያክል የቆርቆሮ ሳጥን ሆኖ ከዳሽቦርዱ ሥር፣ በተሳፋሪው ጉልበት ትክክል ተቀምጧል። ከበላዩ ደግሞ የድሮው የፍጥነት መለኪያ የተነቀለበት ቀዳዳ አለ። ባለመኪናው ሁሉ ያንን ቀዳዳ በምንጣፍ ቁራጭ ይሸፍንና ከላዩ የኮፓካባናዋን ድንግል ማርያም ምስል ያቆማል። ተሳፋሪው እያማተበ ይገባል፤ ድንግሊቱ ቀዳዳ እየጠበቀች መሆኗን ማን ልብ ይላል!

ከእነዚህ ሚኒባሶች የአንዷ ባለቤትም ሹፌርም ዶኛ ኒካሲያ ፖማ ነበሩ። ድርብርብ ጉርዳቸውን ሰብስበው፣ ክቧን ቡናማ ባርኔጣቸውን አናታቸው ላይ ሰክተው ሲነዱ የትራፊክ ፖሊስ እንኳ እጁን ኪሱ ይከት ነበር። ያችን ባርኔጣ ሲያወልቁ ያየ ከባላቸው በቀር የለም ይባላል፤ ባላቸውም ሞተዋል። የሂላሪዮን የመጨረሻ ልጅ የክርስትና እናት እሳቸው ስለሆኑ ሁለቱ አበልጆች ናቸው። ባላቸው ሲሞቱ በሹፌሮች ማኅበር የነበራቸው የመስመር ቦታ ለእሳቸው ተላለፈ፤ ልጆቻቸው የሚበሉትም የሚማሩትም በዚያ ቦታ ነው። ችግሩ የማኅበሩ ጸሐፊ ዶን ፕላሲዶ ሥራ የፈታ የወንድም ልጅ የነበራቸው መሆኑ ነው። ማኅበሩም ደንብ ነበረው፦ ተሳፋሪ ጭኖ፣ ወይም በማኅበሩ ፊት፣ ሦስት ጊዜ ተበላሽቶ የቆመ መኪና ቦታውን ለሌላ ይለቃል።

ሚኒባሷ መጀመሪያ የቆመችው ካርኒቫል ባለፈ ሰሞን፣ ላ ሴሃ አደባባይ መሐል ነው፤ ከነተሳፋሪዎቹና ከነዶሮዎቻቸው። ሳለች፣ ተንቀጠቀጠች፣ ጸጥ አለች። እየተገፋች ጋራዥ ደረሰች።

«አበልጄ፣ ምን አደረጓት?» አለ ሂላሪዮን።

«ምን አደርጋታለሁ? ነዳኋት። ሚኒባስ አይደለች እንዴ!»

ሂላሪዮን ከካሲሚራ ፀጉር ላይ መርፌ ቁልፍ መዘዘ። ከሞተሩ አጠገብ ያለችውን የፕላስቲክ ሳጥን ከፍቶ፣ ለምርመራ የተተዉትን ሁለት ቀዳዳዎች በዚያች መርፌ ቁልፍ አገናኘና የመኪናዋን ቁልፍ አዞረ። ዳሽቦርዱ ላይ ያለችው ቢጫ መብራት ብልጭ ብልጭ ማለት ጀመረች።

«ዝም በሉ፣ ኮምፒውተሩ እያወራ ነው!» ብሎ ሰፈሩን ሁሉ ጸጥ አሰኘ። መብራቷ ሁለቴ ብልጭ አለች፣ አረፈች፣ ደግሞ ሁለቴ ብልጭ አለች። «አገኘሁት! የውሃ ሙቀት የሚለካው ሴንሰር ነው። ሞተሩ ኢሊማኒ ተራራ አናት ላይ በረዶ ውስጥ ያለ መስሎታል። በርዶኛል ብሎ ቤንዚን ሲግት ታፈነ።»

ሴንሰሩ ተቀየረ። ሞተሩም እንደ ጠገበች ድመት ማንኮራፋት ጀመረ። ታዲያ እኛ ዘንድ የተጠገነ መኪና ዝም ብሎ አይወጣም፤ ጫልያ ይደረግለታል። ሰው ከመጠጣቱ በፊት እናት ምድር ትጠጣለች፤ መኪናውም ቢራ ይፈስስለታል፣ የአበባ ቅጠልና በቀለም በቀለም የተቆረጠ ወረቀት ይበተንለታል። የሚያፈስሰው የመኪናው ክርስትና አባት ነው። የዚህች ሚኒባስ ክርስትና አባት ደግሞ ሌላ ማን ይሆናል? ራሱ ሂላሪዮን ነው፤ በካርኒቫሉም ያፈሰሰላት እሱው ነው። በተሳፋሪው በር በኩል ቆሞ፣ ጠርሙሱን በአውራ ጣቱ ደፍኖ ነቀነቀና ድንግሊቱ ላይ ለቀቀው።

«ለእናት ምድር! ለድንግል! ለጃፓንም ትንሽ!»

ካሲሚራ ከድስቷ ጀርባ ሆና «ጃፓን ትሰማሃለች፣ ጨምርላት» አለች። እሱም ስድብ መሆኑ አልገባውም፤ ጨመረላት።

ሁለተኛው መቆም ወደ ላ ፓዝ በሚወርደው መንገድ፣ ኩርባ ላይ ሆነ። ከተሳፋሪዎቹ አንዷ የዶን ፕላሲዶ አማት ስለነበሩ ወሬው ከሚኒባሷ ቀድሞ ማኅበሩ ደረሰ። ሂላሪዮን አሁንም መርፌ ቁልፉን ሰካ። አሁን ግን መብራቷ ሌላ ሰው ከሰሰች፤ አራቴ ብልጭ፣ ዕረፍት፣ አንዴ ብልጭ። የነዳጅ መስጫው ሴንሰር ማለት ነው።

«ባለፈው ውሃው ነው አላሉኝም?» አሉ ዶኛ ኒካሲያ።

«ብዬ ነበር። እኔ እኮ የሚነግረኝን ነው የምነግርዎ። ይሄ ኮምፒውተር እንደ ሰካራም ነው፤ ትናንት ያንን ይሰድባል፣ ዛሬ ይሄንን።»

«ታዲያ ሰካራም አምነው ነው የሰው መኪና የሚፈቱት?»

«አበልጄ፣ አፍንጫዬን ይመኑ።»

«አፍንጫዎንማ አያለሁ፣ ሳልፈልግም ይታየኛል። መኪናዬ ስትነሳ ነው ያላየሁት።»

ያም ሴንሰር ተቀየረ፣ ሚኒባሷም ተነሳች። ሂላሪዮን በዚህ ጊዜ ነገሩን በጥልቀት አሰበበትና «ባለፈው በቢራው ስለቆጠብን እናት ምድር ተቀይማለች» ብሎ ፈረደ። ስለዚህ ጫልያው በእጥፍ ሆነ። ወረቀቱ ከመብዛቱ የተነሳ ዶኛ ኒካሲያ የፊት መስታወቱን በእጃቸው ጠርገው ነው የወጡት። እሳቸውም በበኩላቸው ነገሩን እርግጠኛ ለማድረግ ሐይቁ ዳር ወዳለው የድንግሊቱ ደብር፣ ኮፓካባና ድረስ ነድተው ሄዱ። እዚያ ያሉት ቄስ ለመኪና የማይሰስቱ ናቸው፤ የተባረከውን ውሃ በባልዲ ይዘው ውስጧንም ውጭዋንም አጠመቋት። ከዚያ ወዲያ፣ በልማዱ መሠረት፣ ሐይቁ ዳር ቢራ።

በማኅበሩ የምሥረታ በዓል ዋዜማ፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ሚኒባሷ አልነሳም አለች። ደግነቱ ባዶዋን፣ ከገዛ ግቢያቸው በር ላይ ስለነበረች ለሦስተኛ አልተቆጠረችም። ነገር ግን በማግስቱ መኪኖቹ ሁሉ በማኅበሩ ፊት በተራ ያልፋሉ፤ ያልተንቀሳቀሰ መኪና እንደ ቆመ ይቆጠራል። የዶን ፕላሲዶ የወንድም ልጅ ከወዲሁ አዲስ ሹራብ መግዛቱንም ሰምተናል።

እየተገፋች ጋራዥ ስትደርስ ሂላሪዮን መርፌ ቁልፉን ሰካ። መብራቷ ጭራሽ አልበራችም። ፊውዞቹን አየ፣ ደህና ናቸው። ባትሪውን አየ፣ ደህና ነው። ከዳሽቦርዱ ሥር በጀርባው ተንጋሎ፣ እግሩ በበሩ ወደ ውጭ ወጥቶ፣ ኮምፒውተሩን ፈትቶ አወጣና አፍንጫው ሥር አደረገው። አሸተተ። ደግሞ አሸተተ።

«ምንም አይሸትም» አለ። ድምፁ ላይ ከዚያ በፊት ሰምቼው የማላውቀው ነገር ነበረበት። «ደህና ኮምፒውተር ነው። ደህና የሆነ፣ የማይሠራ ኮምፒውተር።»

ካሲሚራ አፒ ይዛለት ስትመጣ ጎንበስ አለችና አፍንጫዋን ሰበሰበች።

«ቢራ ይሸታል።»

«እኔ ነኝ» አለ ሂላሪዮን።

«አንተንማ አውቅሃለሁ፣ ሃያ ዓመት አሽትቼሃለሁ። ያንተ የትናንት ነው። ይሄ የቆየ ነው፣ ሻግቷል። ከሳጥኑ ነው የሚመጣው።»

«እኔ ሳይሸተኝ አንቺን ይሸትሻል?»

«አንተን በምን ይሸትህ? ግድግዳህ ቢራ፣ ወለልህ ቢራ፣ ጢምህ ቢራ! ዓሣ ውሃ ይሸተዋል እንዴ?»

ሂላሪዮን ካቻቢቴ አንስቶ የሳጥኑን ክዳን ፈታ። ሁላችንም አንገታችንን አሰገግን። ከውስጥ፣ አረንጓዴ ዝገት ባወጡት ቀጫጭን የመዳብ መስመሮች መሐል፣ አንዲት ክብ ሮዝ ወረቀት በደረቀ ቢራ ተጣብቃ ተቀምጣለች። ከጎኗ አንድ ቢጫ ሌላም ሰማያዊ አለ፤ ጥግ ላይ ደግሞ የጠወለገ የአበባ ቅጠል። ካርኒቫሉ ማለቁ ለዚያ ሳጥን ሳይነገረው ቀርቷል።

ሂላሪዮን ዐይኑን ከሳጥኑ ወደ ዳሽቦርዱ አነሳ፤ ድንግሊቱን አየ፣ ምንጣፉን ገለጠ፣ ቀዳዳውን አየ። ከዚያም የገዛ አውራ ጣቱን፣ ያንን ጠርሙስ የሚደፍነውን፣ ትክ ብሎ ተመለከተው።

«ዶኛ ኒካሲያን ምን ልትላቸው ነው?» አለች ካሲሚራ ቀስ ብላ።

ዶኛ ኒካሲያ በሩ ላይ ቆመው ነበር።

«ምንድን ነው የሚሉኝ?»

ሂላሪዮን ኮፍያውን አወለቀ። «አበልጄ፣ እነዚህ ጃፓኖች ሲሠሩት ጫልያ የሚባል ነገር መኖሩን አላሰቡም።»

«ጃፓኖቹ ናቸው ቢራውን ያፈሰሱት?»

«አይ… እነሱ እንኳ አይደሉም።»

«ማነው?»

«ክርስትና አባቷ ነው።»

ዶኛ ኒካሲያ ተሳደቡ። ግማሹን በስፓኒሽ፣ ግማሹን በአባቶቻችን ቋንቋ በአይማራ። በአይማራ ያሉትን ወደ የትኛውም ቋንቋ ለመመለስ ብዕሬ ያፍራል፤ ብቻ የሂላሪዮን አፍንጫ፣ አንድ ግመል የሚመስለው የአገራችን እንስሳና የቢራ ጠርሙስ አንድ ላይ ያሉበት ነበር። ሲጨርሱ ባዶ የዘይት ጀሪካን ላይ ቁጭ አሉና፣ ከስድቡ ሁሉ በባሰ ዝግ ያለ ድምፅ፣ «ነገ ካልተነሳች ልጆቼን በምን እንደማሳድግ አንተው ንገረኝ፣ ሂላሪዮን» አሉት። አንተ ብለውት አያውቁም ነበር።

ሂላሪዮን ከመደርደሪያው ለጫልያ የሚያስቀምጠውን፣ በትንሽ ቆርቆሮ የሚሸጠውን ኃይለኛ አልኮል አወረደ። ካሲሚራ አየችው።

«አሁን ደግሞ ልትጠጣ ነው?»

«ላጥበው ነው። የደረቀ ቢራ በውሃ አይለቅም፣ ውሃው ራሱ ይገድለዋል። አልኮል ግን ያጥብና ይተናል።»

«በአልኮል የታመመውን በአልኮል? አንተን ስንት ዓመት ሞከርነው እኮ፣ አልሠራም።»

«ብሩሽ አምጪልኝ።»

የጥርስ ብሩሽ አመጣችለት። ግማሹን ካጠበ በኋላ «የማን ነው?» ብሎ ጠየቀ። «ያንተ ነዋ» አለችው። ትከሻውን ነቅንቆ ቀጠለ። የመዳብ መስመር በመዳብ መስመር፣ ምላሱን በከንፈሩ መሐል ይዞ፣ ሳያወራ ጠረገው። ሂላሪዮን ሳያወራ ሲሠራ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ሁለት ቦታ መስመሩ ተበልቶ ስለነበር የሰው ፀጉር በምታክል ሽቦ በየደው። ከዚያ መድረቅ ነበረበት፤ ሙቀት ያለው ደግሞ የካሲሚራ ምድጃ ዳር ብቻ ነው።

«ሰካራም ከአፒዬ አጠገብ አላስቀምጥም» አለች።

«ንስሐ ገብቷል። ዳግመኛ ተወልዷል። እንዳንቺው ነው።»

ካሲሚራ ልትቆጣ አፏን ከፈተችና ዶኛ ኒካሲያን አየቻቸው። ከዚያ ድስቷን ገፋ አድርጋ ለኮምፒውተሩ ቦታ ሰጠችው፤ እየደረቀ ሳለም በየጊዜው በጨርቅ ይዛ እንደ ቂጣ ታገላብጠው ነበር። አመሻሹ ላይ ሂላሪዮን መልሶ ገጠመው። ቁልፉ ሲዞር ቢጫዋ መብራት በራች፣ ጠፋች፣ ሞተሩ ተነሳ። ሰፈሩ በሙሉ አጨበጨበ። እጁ ከልማድ ወደ ቢራው ሳጥን ሲሄድ ካሲሚራ በጭልፋ መታችው።

ቀዳዳው ላይ ከአንድ የዘይት ጀሪካን የቆረጠውን ፕላስቲክ ክዳን አደረገ። «አንድ ብርጭቆ ቢራ ያግዳል፣ ከዚያ በላይ ግን አይችልም» አለ። «ነገ የማፈስሰው እኔ ነኝ፤ ጎማዋ ላይ ጠብ አድርጌ እጨርሳለሁ።»

እሁድ መኪኖቹ በአበባና በወረቀት ጥቅልል አጊጠው ተሰለፉ፤ የነሐስ ባንዱ ከማኅበሩ ቢሮ ፊት ለፊት ይነፋል። ዶኛ ኒካሲያ መሪያቸውን ይዘው፣ ሂላሪዮን ከተሳፋሪው በር አጠገብ ቆሞ ተራቸውን ይጠብቃሉ። ዶን ፕላሲዶ ከመኪና ወደ መኪና እየተዘዋወሩ መጡ። ሰፊ ሪባን ደረታቸው ላይ፣ ሙሉ ጠርሙስ እጃቸው ላይ ነበር፤ ከኋላቸውም የወንድማቸው ልጅ ከነሹራቡ ቆሟል።

«ማኤስትሮ፣ ፈቀቅ በል። ዛሬ የማኅበሩ ቀን ነው። የማፈስሰው እኔ ነኝ።»

«ዶን ፕላሲዶ፣ እንግዲያው ጎማዋ ላይ ብቻ ቢያደርጉት…»

«ጎማ ላይ? ድንግል እዚህ ቆማ እያየችኝ?» ወደ ሹፌሮቹ ዞር አሉ። «ሰማችሁ? አበልጁ ለድንግል ቢራ ይነፍጋል!»

ሹፌሮቹ አጉረመረሙ። ጫልያ እምቢ ያለች ሹፌር ደግሞ ያን ቀን ብቻ አይደለም የምትጠላው፤ ጎማ የፈነዳበት ሁሉ ዓመቱን ሙሉ በእሷ ያሳብባል። ዶን ፕላሲዶ ጠርሙሱን በአውራ ጣታቸው ደፍነው ነቀነቁት። ሂላሪዮን ዐይኑን ጨፈነ።

ያኔ ዶኛ ኒካሲያ ሁለት እጃቸውን ወደ አናታቸው አነሱ። ባርኔጣቸውን አወለቁ። ባንዱ እንኳ ሳይታወቀው ዜማውን ሳተ። ከመሐሉ የተከፈለ ሽበት ያለበት ፀጉራቸው ለነፋሱና ለማኅበሩ ሁሉ ታየ፤ እሳቸው ግን ባርኔጣዋን ገልብጠው፣ ዘንበል ብለው፣ ልክ ቀዳዳው ላይ፣ ከድንግሊቱ እግር ሥር እንደ ሳህን አስቀመጧት። ቢራው እየፎለለ ወረደ። ጥቂቱ ድንግሊቱ ላይ፣ ጥቂቱ የሂላሪዮን ጢም ላይ፣ የቀረው ሁሉ ባርኔጣዋ ውስጥ ገባ። ወፍራም፣ ጥሩ ባርኔጣ ነበረች፤ አንዲት ጠብታ አላሾለከችም።

ዶኛ ኒካሲያ ባርኔጣዋን በሁለት እጃቸው አንስተው በመስኮቱ በኩል ዘረጉ።

«ድንግል ቀምሳዋለች። የተባረከውን ቀድሞ የሚጠጣ ማነው? ጸሐፊያችን ናቸዋ!»

«ጸሐፊው! ጸሐፊው!» ብለው ሹፌሮቹ ጮኹ። ለእንዲህ ያለው ነገር ሁልጊዜ አንድ ልብ ናቸው።

ዶን ፕላሲዶ ባርኔጣዋን አዩ። ባርኔጣዋ የስንት ዓመት ላብ፣ የስንት ዓመት አቧራና የፀጉር ቅባት እንደጠጣች ፊታቸው ላይ ይነበብ ነበር። የቀረበለትን ጫልያ እምቢ የሚል ግን ጸሐፊም ቢሆን የለም። ተጎነጩት። ግማሽ ላይ ሲደርሱ ዐይናቸው እንባ አቀረረ። የቀረውን ዶኛ ኒካሲያ ተቀብለው፣ በመስኮታቸው ወጣ ብለው ከጎማው ሥር ለምድር አፈሰሱላት፤ ባርኔጣዋንም አራግፈው የኋላ ማሳያ መስታወቱ ላይ ሰቀሉ።

ከዚያ ቁልፉን አዞሩ።

ቢጫዋ መብራት በራች። እኔ ከመንገዱ ማዶ ሆኜ አየኋት፤ ሁላችንም አየናት። በካርኒቫልም በማኅበር በዓልም የማትገኘዋ ካሲሚራ ከሰዉ ጀርባ ቆማ ከንፈሯን በጸሎት ታንቀሳቅስ ነበር። መብራቷ ጠፋች። ሞተሩ ተነሳ፤ ሚኒባሷም ባርኔጣ ባልደፉ እመቤት ተነድታ፣ በማኅበሩ ፊት፣ በዶን ፕላሲዶ የወንድም ልጅ ሹራብ ፊት አለፈች።

ሂላሪዮን ከኋላዋ እየሮጠ፣ አፍንጫውን ወደ ጭስ ማውጫው ዘርግቶ ይጮኻል።

«አበልጄ! ቤንዚን ብቻ ነው! ቤንዚን ብቻ ነው የሚሸተው!»

«እርስዎን አላምንም፤» አሉ ዶኛ ኒካሲያ በመስኮቱ ራሳቸውን አውጥተው፣ «ካሲሚራ ታሽትተው!»